ወደ አውራ ጣት የዞረ መቆለፊያ

የአዲስ ቆዳ ሽታ ክፉ ነው። ሰውን ሳያስበው እጁን ይዞ ስንትና ስንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ባለፈው ሰሞን ልጄ ለልደቴ ሰዓት ገዝታ ከሳን ሆዜ መጣች። ካርቶኑን ከፍቼ ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ፊቴ ተለዋወጠ መሰለኝ፣ አልወደደውም እንዴ በሚል ዓይን ታየኛለች። ሰዓቱስ ቆንጆ ነው። ማሰሪያው ግን ተገልብጦ ነው የተገጠመው፤ ዘለበት ያለው አጭሩ ቁራጭ ከታች፣ ቀዳዳ ያለው ረጅሙ ከላይ። መነጽሬን አድርጌ፣ ቀጭን ቢላ ፈልጌ፣ ፈትቼ ላዞረው ስታገል «ዳድ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ስትራፕ» አለችኝ። ልጄ አማርኛውን ሁሉ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ያቺን «ጀስት» የምትባል ቃል አልወዳትም። እኔ በዚህ አገር የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የኖርኩት በሰዓት ማሰሪያ ነው። ጓደኛዬ ማን እንደሆነ ያወቅኩትም በሰዓት ማሰሪያ ነው።

ነገሩ በሰማንያዎቹ ውስጥ ነው፣ በፈረንጅ ሰማንያዎቹ ማለቴ ነው። ዓመቱን እየጠየቃችሁ አታድክሙኝ። ፀጉራቸውን በቅባት አርሰው ኮሌታቸው ላይ የሚያንጠባጥቡ ጎረምሶች ትልልቅ ቴፕ በትከሻቸው ተሸክመው ብሮድዌይ ላይ የሚመላለሱበት፣ ሴቶቹ ኮታቸው ውስጥ ስፖንጅ እየከተቱ ትከሻቸውን እንደ ወታደር ያሰፉበት ዘመን ነው። ቡና በሃምሳ ሳንቲም፣ ዶናት በሠላሳ አምስት ይገዛ ነበር። ኦክላንድ መሐል ከተማ፣ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት ጥግ ላይ፣ በጫማ ሰፊና በዶናት ቤት መሐል የተወሸቀች አንዲት ጠባብ ሰዓት ቤት ነበረች። ባለቤቱ ሽማግሌ ፊሊፒኖ ነው። እኔ አዲስ አበባ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ እንጂ ስለ ሰዓት የማውቀው ማየት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሰውዬው የሰዓቱን ሆድ ለራሱ አስቀርቶ እኔን ማሰሪያ ላይ አስቀመጠኝ። የመጀመሪያው ቀን «ዘለበት ያለው በአሥራ ሁለት በኩል» ብሎ አንድ ሣጥን ሰጠኝ። ቁጥር የሌላቸው፣ ጭረት ብቻ ያላቸው ሰዓቶች ናቸው። በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደግሞ ትንሿ ዘንግ የምትቆመው ወደ ታች ነው። እኔም በሙሉ ልብ እስከ ምሳ ድረስ ሣጥኑን በሞላ ገልብጬ ገጠምኩለት። አይቶ አልተቆጣም፤ ምክንያቱን ስነግረው ግን ወንበሩን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት በነገርኩት ቁጥር «በማን አገር?» ሳይለኝ አያልፍም ነበር።

ማሰሪያ ማሰር ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። ቆዳ ከሆነ አጭሩ ከላይ፣ ረጅሙ ከታች ነው፤ ከተገለበጠ ጫፉ ወደ ሆድህ ዞሮ የሸሚዝህን እጅጌ ሲያጠምድ ይውላል። ብረት ከሆነ ደግሞ ከሰንሰለቱ ላይ ፍሬ እየተነቀለ ነው የሚጠበው። የማያውቅ ሰው ከላይ ሁለት ከታች ሁለት ነቅሎ እኩል አደረግኩ ይላል። ዋናው ግን መቆለፊያው ነው። መቆለፊያው ከእጅ አንጓ ሥር፣ ደም ሥሩ ከሚመታበት መሐል ላይ ማረፍ አለበት፤ ወዲህ ወይ ወዲያ ከሄደ የሰዓቱ ፊት ጎኑ ላይ ይተኛል፣ ክንድህን ጠረጴዛ ላይ ስታሳርፍም አጥንትህን ይቆረቁርሃል። ሰው ከምሳ በኋላና ሙቀት ሲሆን እጁ ያብጣል፤ ስለዚህ ጠዋት የመጣውን ሰው ትንሿን ጣቴን በማሰሪያውና በቆዳው መሐል ከትቼ ነበር የምለካው። የሥራቸውን ዓይነት ሳይነግሩኝ ከአንጓቸው አውቀው ጀመር። የኦክላንድ ወደብ የጭነት መኪና ሾፌሮች መሪ ይዘው ሰዓት እንዲታያቸው ፊቱን ወደ መዳፍ ያዞሩታል፤ ለእነሱ ዘለበቱ ከላይ ስለሚውል ለስላሳውን እመርጥላቸዋለሁ። ከሪችመንድ የነዳጅ ማጣሪያ የሚመጡት ማሰሪያቸው ላብና ዘይት ጠጥቶ ይደርቃል። ሳን ሆዜና ማውንቴን ቪው የኮምፒውተር ዕቃ ፋብሪካ ነጭ ለብሰው የሚሠሩት ሴቶቻችን ሰዓታቸውን በር ላይ አውልቀው ነው የሚገቡት፤ አንጓቸው ላይ ምልክት እንኳ የለም። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ የስልክ መሸጫ ነው ያለው። ባለፍኩ ቁጥር ቆም እላለሁ፤ ልጆቹ ስልክ ልገዛ የመጣሁ እየመሰላቸው ይከቡኛል።

ያን ጊዜ የምኖረው ከብርሃኑ ጋር ነው። ቴሌግራፍ መንገድ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን፣ አንድ ደህና የክረምት ጃኬት ገዝተን፣ ሥራ ቀድሞ የሚወጣው እየለበሰው ሁለት ክረምት ከርመናል። ብርሃኑ እንግሊዝኛ እንደ ውኃ ይጠጣል። ፎርም የሚሞላልኝ፣ ስልክ የሚያነሳልኝ፣ «አንተ ዝም በል፣ እኔ ኮል አደርግልሃለሁ» የሚለኝ እሱ ነበር። ወዳጅነታችን ግን ኦክላንድ አልጀመረም። የሱዳንን ድንበር የተሻገርነው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ እሱና ታናሽ ወንድሜ ሰሎሞን። ሰሎሞን በጉዞው ላይ ወድቆ የግራ እጁ አንጓ ተሰበረ። ብርሃኑ ደረቱ ላይ አቅፎ ያዘው፣ እኔ በእንጨት አሰርኩት። ወጌሻ አልነበርኩምና አጥንቱ ጠሞ ገጠመ፤ ከአንጓው ሥር፣ በትንሿ ጣት በኩል፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ነገር ገፍቶ ቀረ። ካርቱም የእኛ የጉዞ ቃለ መጠይቅ የደረሰ ቀን ሰሎሞን በወባ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ተራው አለፈው፣ እኛ ሄድን። ስለየው ትኩሳቱ እንዳለ ነው፤ ቀድሜ ሄጄ አስመጣሃለሁ አልኩት። በዚህ አገር ሌላ ዓላማ አልነበረኝም። ሥራ የያዝኩት፣ እንግሊዝኛ የተማርኩት፣ እሑድ እሑድ ያልገቡኝን መዝሙሮች ቆሜ የሰማሁት፣ አንድ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ለሰሎሞን ስፖንሰር እንዲሆንልኝ ነው።

ሆነልኝም። ወረቀቱ ከነማኅተሙ የወጣ ቀን ብርሃኑ ከእኔ በላይ ጨፍሯል። ፎርሙን የሞላው እሱ ነው፤ መገኛ ስልክም የራሱን የሥራ ቦታ ሰጠ፣ ደውለው እንግሊዝኛው ቢወላገድብህስ ብሎ። በፖስታ መላክ የሚታሰብ አልነበረም፤ የካርቱም ፖስታ ይጠፋል፣ የእኛም ሰው ከፖስታ ይልቅ የሰው እጅ ነው የሚያምነው። ደግሞ እንደታዘዘ ብርሃኑ እጮኛውን አግብቶ ወረቀቷን ለመጨረስ ካርቱም ሊሄድ ነው። ከወረቀቱ ጋር አንድ የብረት ሰዓት ላክሁ። ሰሎሞን እጁ ከተሰበረ ወዲህ ሰዓት ማሰር ፈርቶ ነበር፤ የሁሉም መቆለፊያ እዚያች አጥንት ላይ ይቀመጥበታል። እኔ ታዲያ ሦስት ቀን ምሳ ሰዓቴን ሠዋሁለት። የሚቀነሰውን ፍሬ በሙሉ ከታችኛው፣ ከአውራ ጣት ወገን ነቀልኩ፤ በላይኛው በኩል እንዲያውም አንድ ፍሬ ጨመርኩ። መቆለፊያው ከመሐል ሸሽቶ ወደ አውራ ጣት ዞረ። ሽማግሌው አየውና ይህን የሠራ ሰው ይባረራል ብሎ ቀለደ። ለማን እንደሆነ ስነግረው ግን ተቀብሎኝ የመቆለፊያውን ጫፎች በሞረድ አለዘበልኝ፣ ቆዳውን እንዳይቧጭረው። እንዲህ ያለ ሰዓት በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው ብዬ በኩራት ለብርሃኑ አሳየሁት። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ አልኩት። ሳቀብኝ፤ ለእኔ ደግሞ አደራ ትላለህ ብሎ ተቆጣ ማለት ይሻላል።

ተመልሶ ሲመጣ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ሄጄ ተቀበልኩት። ሻንጣውን ሳይጭን ነው የጠየቅኩት። እኔ ራሴ እጁ ላይ አሰርኩለት አለኝ፤ ልክ ነው፣ አልቆረቆረውም፣ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ አየውና አለቀሰ አለኝ። ወረቀቱንም በእጁ አስረክቤዋለሁ፣ ቃለ መጠይቅ እስኪጠሩት ወደብ ሱዳን ሥራ ፍለጋ ሄዷል፣ አድራሻው ስለሚለዋወጥ ደብዳቤ እንዳትጠብቅ ብሎሃል አለኝ። እኔ ለወራት ያንን ለቅሶ እያሰብኩ ደስ እያለኝ ኖርኩ። ብርሃኑ ሚስቱን ሊጠብቅ ሳን ሆዜ ቤት ያዘ። በየሳምንቱ ስደውልለት «ፔንዲንግ ነው፣ ታገስ» ይለኛል። እኔም ታገስኩ። ለሰሎሞን አልጋ ገዛሁለት። ከመሃል ከተማው ያገለገለ ዕቃ ገበያ ግራጫ ካፖርት ገዛሁለትና በር ላይ ሰቀልኩት፤ ከሥራ ስገባ ሰው የቆመ ይመስለኝ ነበር።

የብርሃኑ ሚስት ከነወንድሟ ገባች ተባለና እሑድ ቀን፣ ሳን ሆዜ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይተው ድግስ ደገሱ። ወንድሟን ተስፋዬ ይሉታል፤ ጢሙ የተሞላ፣ የእኔ እኩያ ሰው። ስደርስ ማዕድ ላይ ነበሩ። ሊተዋወቀኝ ከወንበሩ ተነሣ፣ እጁ ወጥ ስለነካ እንደ ደንባችን ጣቶቹን ሰብስቦ አንጓውን ዘረጋልኝ። ሰውዬው ግራኝ ነው፣ ሰዓቱን በቀኙ ነው የሚያስረው፤ ግን ግራኝም ቢሆን የአበሻ ልጅ የሚበላው በቀኙ ነው። አንጓውን ጨበጥኩት። ጣቶቼ ከሥር ሲዞሩ መቆለፊያውን መሐል ላይ አጡት። ወደ አውራ ጣት ዞሮ አገኙት። ጫፎቹ በሞረድ ለዝበዋል። እጁን አልለቀቅኩም። የሰው እጅ ይዤ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ እንጃ፣ ሰዎቹ መሳቅ ጀመሩ። ሰዓቱ ከየት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ብርሃኑ ሰጠኝ አለ በየዋህነት፣ ትንሽ ይንሻፈፋል እንጂ ደህና ነው አለ።

ብርሃኑን በዓይኔ ፈለግኩት። በአዳራሹ ማዶ ትሪ ይዞ ቆሞ ያየኝ ነበር። መጥቶ ጆሮዬ ላይ «እዚህ አይደለም፣ በኋላ ኤክስፕሌን አደርግልሃለሁ» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ እንኳ ሰዓቱን ብቻ የበላ መስሎኝ ነበር። ሰው ሰዓት ያምረዋል፣ ያሳፍራል እንጂ አይገድልም እያልኩ አውቶቡስ ውስጥ እስከ ኦክላንድ ድረስ ለራሴ ተከራከርኩለት። ሰኞ ግን፣ ወረቀቱ ከወጣ ወዲህ ወዳልረገጥኩት ወደዚያ ስፖንሰር ቤተ ክርስቲያን ቢሮ ሄድኩ። ወረቀቶቹን የምትይዘው ደግ አሮጊት ገና በር ላይ ሳለሁ ተነሥታ አቀፈችኝ። እንኳን ደስ አለህ አለችኝ። ወንድምህ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ጓደኛህ አብራችሁ ናችሁ ብሎን ነበር፣ ለምን ይዘኸው አልመጣህም አለችኝ። መዝገቡን ከፍታ አሳየችኝ። ስሙ የሰሎሞን ነው። የአባቱ ስም የአባቴ ነው። ፎቶግራፉ ጢሙ የተሞላ ሰው ነው።

ምን ብዬ እንደወጣሁ አላስታውስም። አመሰግናለሁ ብዬ ይመስለኛል። ሦስት ቀን ሥራ አልገባሁም። አንድ ነገር ብናገር ያንን ሰው መልሰው ይጭኑታል፤ ባልናገር ደግሞ ሰሎሞን በመዝገብ አንድ ጊዜ አሜሪካ ገብቷልና ሁለተኛ አይገባም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ አወዳደቁ እንዲህ መሆኑን ግን የነገረኝ የለም። በአራተኛው ቀን ጋሽ አምዴ የሚባሉ፣ ሁላችንም እንደ አባት የምናያቸው ሰው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ብርሃኑን ከኋላ አድርገው ቤቴ መጡ። ብርሃኑ ገና እንደገባ እግሬ ላይ ወደቀ። ሚስቴ ያለ ወንድሟ አልወጣም አለች፣ እሱ አገሩ ቢመለስ የሚጠብቀው ጥይት ነበር፣ ሰሎሞን ግን ገና ልጅ ነው፣ ሌላ ዕድል ያገኛል ብዬ ነው አለ። ሰሎሞንን ጭራሽ አላገኘውም ነበር። እያወቀ በሠፈሩ አላለፈም። ያ ሁሉ ለቅሶ፣ ያ ጠረጴዛ ላይ ያረፈ ክንድ፣ አውሮፕላን ላይ ሆኖ የፈጠረው ነው።

«ለምን የእኔን?» አልኩት። «ካርቱም ስንት ወረቀት ይሸጣል። ለምን የእኔን ወንድም?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አንተ ይቅር ትለኛለህ ብዬ ነዋ» አለኝ። «ሌላ ሰው ቢሆን አልደፍርም ነበር።»

እስከ ዛሬ ከዚያ ቃል የባሰ አልሰማሁም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ጋሽ አምዴ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ስማኝ ልጄ» አሉኝ፣ «አንዱን ለማስገባት ሌላውን አታስወጣም። ይኼ ሰው ቢመለስ ደሙ በእጅህ ነው። ወንድምህን በሌላ ስም እናስመጣዋለን፣ እኔ ራሴ ቆሜ። አንተ ብቻ ነገሩን አፍንህ ያዘው፤ በወረቀትም ቢሆን እንዳትጽፈው፣ ደብዳቤ ይከፈታል።» ሦስት ሽማግሌ ቆመው እያዩኝ፣ አንድ ሰው ምንጣፌ ላይ ተንበርክኮ፣ ምን ልል ነው። ይቅር ብያለሁ አልኩ። ሳሙኝ። ጋሽ አምዴ መረቁኝ። ብርሃኑ ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ አነሣሁና ከእሱው ጋር መለስኩት። ሰውዬው ይሰረው፣ ስሙን ከወሰደ ሰዓቱ ምን ያደርግልኛል። ዛሬ ሳን ሆዜ ሦስት ልጆች አሉት። ትምህርት ቤት በአባቴ ስም ነው የሚጠሩት።

እኔም እንደታዘዝኩት ጻፍኩ። ሰሎሞን፣ ሌላ ስም እናወጣልሃለንና ፎቶግራፍህን ላክ፣ ምክንያቱን አትጠይቀኝ፣ ስንገናኝ እነግርሃለሁ፣ እመነኝ። ይኸው ነው። ከዚያ የበለጠ ሞኝ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ካለ ልወቀው። ብርሃኑ አድራሻው ይለዋወጣል ያለኝም ውሸት ነበር፤ ደብዳቤው ያንኑ የድሮውን ቤት አንኳኳ፣ መልሱ በሁለት ወሩ መጣ። ሰሎሞን ከቤቱ ንቅንቅ አላለም ነበር። እኔ ስላልጻፍኩለት፣ እሱ የጻፈልኝም መንገድ ላይ ስለጠፋ፣ ጨንቆት ካርቱም ያለው የስደተኞች ቢሮ ድረስ ሄዶ ጠይቋል። መዝገብ አይተው፣ ሰሎሞን ኦክላንድ ወንድሙ ዘንድ ገብቷል አሉት። እኔ ነኝ ሰሎሞን ቢላቸው ሳቁበት።

ደብዳቤው አንድ ገጽ አይሞላም። የታመምኩበትን ቀን አልረሳሁም፣ አስመጣሃለሁ ያልከኝንም አልረሳሁም ይላል። ወረቀቱን ከአንተ በቀር የያዘ ሰው አልነበረም ይላል። አሁን ደግሞ ሌላ ስም ያዝ ትለኛለህ፤ የእኔን ለማን ሰጠኸው ይላል። ያን ጊዜ የጋሽ አምዴን ምክር አሽቀንጥሬ ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፍኩለት። ብርሃኑን፣ ሰዓቱን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ዝምታዬን። አልመለሰም። ደግሜ ጻፍኩ፣ ፖስታው ሰውዬው እዚህ የለም ተብሎ ተመለሰ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ተመለሱ። ከካርቱም የመጣውን ሰው ሁሉ ጠየቅኩ፤ አንዱ ሊቢያ ሄደ ይላል፣ አንዱ አገሩ ገባ ይላል፣ አየሁት የሚል ግን የለም።

ያቺ የመጨረሻ ደብዳቤው ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ ናት። ሰሎሞን ደብዳቤ ሲጽፍ ከታች ስሙን ከነአባቱ ጽፎ ነበር የሚፈርመው። በዚያች ላይ «ወንድምህ» ብሎ ጽፎ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ትቶታል።